የአቶ አማኑ ልገሳ

ጥር 3፣ እሑድ

ዛሬ የእድር ቀን ነበር። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ማኅበርተኛው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኖ፣ ግማሹ ሁለት ታክሲ ግማሹ ሦስት ይዞ ነው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚደርሰው። ግን ይመጣል። የእድራችን ዳኛ ጋሽ አብዱልሃሚድ «ቤቱን አፈረሱት እንጂ እድሩን የት አግኝተውት» እያሉ በየወሩ እንደ አዲስ ይስቃሉ። እኛም እንስቅላቸዋለን።

እኔ ጸሐፊው ነኝ። ስም እጠራለሁ፣ የቀረውን እቀጣለሁ፣ ማመልከቻ ላለው ማመልከቻ እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌን አይቶ ሳያመሰግን ያለፈ ሰው የለም። ራሴን ለማሞገስ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

«አቶ አማኑ» ብዬ ስጠራ ተናኘወርቅ «አለሁ» አለች። አማኑ ባሏ ነበር፣ ከሞተ ቆይቷል። በእድራችን አባወራ ሲሞት ልጁ ይተካዋል። ልጅ ከሌለው ስሙ አይሰረዝም፤ ሚስቱ በስሙ ትከፍላለች፣ በስሙ ስትጠራ አቤት ትላለች። አሁን እንዲህ ያለች የቀረችን ተናኘ ብቻ ናት። እንግዳ ሰው ቢሰማን ያበድን ይመስለዋል። ከአማኑ ቀጥሎ ያለው ስም የኔ ነው፤ በአንድ ቀን ነው የተመዘገብነው። እሷ «አለሁ» ስትል እኔ ደግሞ ራሴን ጠርቼ ለራሴ «አለሁ» እላለሁ፣ ሰዉ ይስቃል።

ነጭ ሻርፕ አድርጋ ነበር። ጉንፋን የያዛት መሰለኝ።

ጥር 6

ቢሮ ዋልኩ። ከባንክ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የአንዲት ትንሽ ፓርቲ ሒሳብ ሹም ነኝ። ቢሮአችን ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ደረጃው የሚንቋቋ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ክፍያዋ ለታክሲ እንኳ አትበቃም፣ ክብሩ ግን ደህና ነው።

ሊቀ መንበራችን ዶክተር ሚናስ «ምርጫ ደርሶ ባዶ እጃችንን ነን» እያለ ሲነጫነጭ ከርሞ ዛሬ ፊቱ ፈክቶ መጣ። አንድ ባለሀብት ሊለግሰን ነው፤ መድኃኔ ይባላል፣ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ነው። የሚሰጠው ብዙ ነው። ችግሩም ይኸው ብዛቱ ነው። ከአንድ ሰው የሚወሰደው ልክ አለው፣ የሰጪውም ስም ለምርጫ ቦርዱ ይገለጻል። ሰውየው ደግሞ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም።

እንግዲያው አይሆንም አልኩ። ሚናስ በትሕትና አየኝና «ጋሽ አባይነህ፣ እርስዎ ብዙ ሰው ያውቃሉ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም አልኩት።

ገብቶኛል።

ጥር 13

አቶ መድኃኔ ማኪያቶ ጋበዘኝ፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ የባቡሩ ድምፅ የሚሰማበት ቤት። ወፍራም፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ነበር የጠበቅኩት። ቀጭን ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ማኪያቶውንም አልነካው። ስለ ፓርቲ አንድ ቃል አላነሳም። ስስል ሰምቶ ደረቴን ጠየቀኝ፤ ጥሩ ሐኪም አውቃለሁ ብሎ እዚያው ቁጭ እንዳለ ደወለና ቀጠሮ አስያዘልኝ። ስንለያይ «ልጅዎ ጸሎት ሐዋሳን ለመደችው?» አለኝ።

ለመደችው አልኩ። ልጅ እንዳለኝ ጨርሶ እንዳልነገርኩት ትዝ ያለኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ሚናስ ነግሮት ይሆናል። ሚናስ ነው የሚሆነው።

ጥር 19፣ ማታ

ጨረስኩ። እጄን አሞኛል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የመድኃኔ ገንዘብ በብዙ ሰው ስም ይከፋፈላል፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ከተፈቀደው በታች ይሆናል፣ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ይቆረጣል። ስሞቹን ከእድሩ መዝገብ ላይ ወሰድኩ። ከሌላ ከየት አመጣለሁ? ከማንም ኪስ ሳንቲም አይወጣም። ደግሞስ የእኛ ሰው መቼ ስሙን ሰስቶ ያውቃል። ለውሃ ሲባል ፈርሟል፣ ለመንገድ መብራት ሲባል ፈርሟል፣ ሰፈራችን አይፍረስብን ሲባልም ፈርሟል። ወረቀቱን አንብቦ የፈረመ አላየሁም። «አባይነህ ነው አይደል የጻፈው?» ይላሉ፣ ይፈርማሉ።

መብራት አጥፍቼ ተኝቼ ነበር፣ ተነስቼ መልሼ አበራሁ። ሚስቴን አይናዲስን አሰብኳት። እሷ ስትሞት ድንኳን የተከሉልኝ፣ መቃብር ያስቆፈሩልኝ፣ እህል ቅመስ እያሉ የለመኑኝ እነዚሁ ሰዎች ናቸው። አማኑ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሥራውን ጥሎ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ አደረ። አጽናናሁ ብሎ ወሬ አላበዛብኝም፤ ዝም ብሎ ካርታ ሲያድለኝ አደረ። በዚህ ዕድሜዬ የሚያስፈራኝ መሞት አይደለም፤ ሞቼ የሚያነሳኝ ሰው ማጣት ነው። ጸሎት ከሐዋሳ እስክትደርስ እንኳ ሰው ያስፈልገኛል። ያ ሰው እድሩ ነው።

ታዲያ እነሱን እጎዳለሁ እንዴ? አልጎዳም።

የካቲት 1፣ እሑድ

እድር። ነገሩን ልነግራቸው ቆርጬ ነበር የሄድኩት፣ ነገርኳቸውም። «ለአንድ በጎ ጉዳይ ስማችሁን ጠቅሻለሁ» አልኩ። ጋሽ አብዱልሃሚድ ለምኑ ነው ሲሉኝ ለአገር ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስለ ወንበር ኪራይ ተነጋገርን።

ተነግሯቸዋል እንግዲህ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ተናኘ ስኳሯ ከፍ ብሎባታል። የነጻ ሕክምና ካርዱ ባይኖራት ምን ይውጣት ነበር።

የካቲት 5

ሪፖርቱ ለቦርዱ ገባ። ፊርማው የኔ ነው። ሚናስ አሠራሩ እንደዚያ ነው አለ፣ የሒሳብ ሹም ብቻ ነው የሚፈርመው።

የፓርቲውን ቴሌግራም የሚይዘው ኤርሚ የለጋሾቹን ስም ከነሙሉ ዝርዝሩ ለጠፈው። «ሕዝቡ ካለው ቆርሶ ይደግፈናል» የሚል ጽሑፍ አድርጎበታል፣ የእጅ መጨባበጥ ሥዕልም አለው። ይህ ለኔ አልተነገረኝም ነበር። አጥፋው ብለው «ጋሼ፣ ፋራ አይሁኑብኝ፣ ሼር እየተደረገ ነው እኮ» አለኝ።

የካቲት 11

ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ንጹሕ ቤት ነው፣ ወረፋ የሚባል የለም። የደረቴን ፎቶ ብርሃን ላይ ይዞ ብዙ አየው። ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል፣ ባይቆዩ ጥሩ ነው አለኝ። ሒሳብ ስጠይቅ ተከፍሏል ተባልኩ።

ከመድኃኔ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልነካሁም። ሐኪም ሌላ ነገር ነው።

የካቲት 14

ሻይ ቤት። ከኋላዬ ሁለት ጎረምሶች ስልክ ላይ አፍጥጠው ያወራሉ።

«ድልድይ ጋ ያሉት ሽማግሌዎች ጨላ አላቸው ለካ።»

«ሽማግሌዎቹ ብቻ መሰሉህ? የሞቱትም ይለግሳሉ። ይሄ አማኑ የሚባለው የፋዘር ጓደኛ እኮ ነው፣ ቀብሩ ላይ ነበርኩ።»

ተሳሳቁ። ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ።

አማኑን ጽፌዋለሁ። በየወሩ እየጠራሁት፣ በየወሩ «አለሁ» እየተባልኩ፣ እጄ ከስም ወደ ስም ሲወርድ እሱ ላይ አልቆመም። የእኛን እድር የማያውቅ ሰው ይህን ስሕተት አይሠራም ነበር፤ ይጠይቃል፣ ያጣራል። እኔ ግን ለምጄዋለሁ። ያን ሌሊት እዚሁ ደብተር ላይ ነፍሱን ይማረው ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን ገልጬ አየሁት።

የካቲት 17

ለሚናስ ነገርኩት። እናርመው፣ ደብዳቤ እንጻፍ፣ ተሳስተናል እንበል አልኩ። አንዱን ስናርም ስለ ሌሎቹም ይጠይቁናል አለኝ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ደግሞ እኮ ፊርማው የእርስዎ ነው፣ ጋሽ አባይነህ» አለ።

ደረጃውን ስወርድ መሃል ላይ ቁጭ አልኩ። ሳሉ ነው።

የካቲት 22

ተናኘ ቤቴ መጣች። ከበሩ ላይ ገና ፊቷን ሳየው አወቅኩ።

የስኳር መድኃኒቷን ልትወስድ ሄዳ ካርድዎ ታግዷል ተባለች። ወረዳ ብትሄድ ባለቤትሽ ለፓርቲ ይህን ያህል ገንዘብ ሰጥቷል፣ የድሃ ካርድ ለድሃ ነው አሏት። ባሌ ሞቷል ብትል እንግዲያው አውርሶሻል አሏት። እሷ የስም መመሳሰል መስሏታል። የሌላ አማኑ ነው ትላለች። ማመልከቻ ጻፍልኝ፣ ያንተን ጽሑፍ ሲያዩ ያምናሉ አለችኝ።

ጻፍኩላት። «ባለቤቴ አቶ አማኑ በሕይወት ሳሉም ሆነ ካረፉ በኋላ ለየትኛውም ፓርቲ ገንዘብ አልሰጡም» ብዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በዚያው ስሙን በጻፍኩበት እጄ ጻፍኩ። አነበበችውና እንዴት ያምራል አለች። ለመድኃኒቱ ብዬ የሰጠኋትን ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች።

ልነግራት ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ሳል ሆነ።

ራሴን ጠላሁት።

የካቲት 28

ድልድዩ ጋ አንድ ነጭ መኪና ይቆማል። ትናንትም ነበር። ሾፌሩ ሳልፍ በስሜ ጠርቶ ሰላም አለኝ።

ማታ መድኃኔ ደወለ። የእድራችሁ ድንኳን አርጅቷል ሲሉ ሰማሁ አለኝ። ማን ነገረዎት አላልኩም።

መጋቢት 6፣ እሑድ

አዲሱ ድንኳን በጭነት መኪና መጣ። ወፍራም ሸራ፣ የሚያብለጨልጭ ብረት። ሰዉ ዙሪያውን ከቦ ይዳስሰዋል። ጋሽ አብዱልሃሚድ ብቻ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። «ሰውየው ማነው? የቱን ዘመዱን ቀብረንለት ነው?» አሉ። እኔ በጎ አድራጊ ነው አልኩ። ዓይኔን አዩኝ።

ስም ስጠራ ተናኘ «አለሁ» ያለችው ሁለቴ ከጠራሁ በኋላ ነው። ከስታለች፣ ግራ እግሯን ጠቅልላዋለች። ከእሷ ቀጥሎ የራሴን ስም መጥራት ረሳሁ። የሳቀም የለም።

መጋቢት 9

ከቦርዱ ደብዳቤ መጣ። ለጋሾቹን በየቤታቸው ሄደው ያነጋግራሉ።

ሚናስ ወዲያው አስጠራኝ። መድኃኔም ነበር፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ ታች መንገዱን ያያል። ሴትዮዋን ያነጋግሯት አለኝ ሚናስ። ባሌ ሲሞት የተወው ነበር፣ በስሙ ሰጠሁለት ትበል። ሌሎቹ እድርተኞች እሷን ካዩ አዎ ይላሉ። መድኃኔ ፊቱን ሳያዞር የሴትዮዋን ሕክምና ዕድሜ ልኳን እኔ እችላለሁ አለ። የእርስዎንም ምርመራ አለ።

መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ሕክምናዋ ይቀጥላል። ለእሷም ይበጃታል።

መጋቢት 11፣ ማታ

ሄድኩ። ቤቷ ከድልድዩ በታች፣ ሳይፈርሱ ከቀሩት ጥቂት ቤቶች አንዱ ነው። እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣ ነበር። የማመልከቻህን መልስ እየጠበቅኩ ነው አለችኝ። ቁጭ ሳልል ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ የመድኃኔን፣ የእድሩን ስም፣ የአማኑን።

እግሯን ከበርጩማው አወረደች።

«ማመልከቻዬን ስትጽፍልኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ጽሑፉ አማረ አልኩህ።» እጇን አየች። «አሁን ምን በይ ነው የምትለኝ?»

«ሰጥቷል በይ። ሕክምናሽን እስከ መጨረሻው ይሸፍኑልሻል። አለዚያ እኔ እጠየቃለሁ። እድሩም…»

«እድሩም ያስወጣሃል።»

«ፈርቻለሁ፣ ተናኘ። ማን ይቀብረኛል?»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

«አማኑ ከሱቅ በዱቤ ወስዶ ሳይከፍል ካመሸ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር፣ አንተም ታውቀዋለህ። በየወሩ ስትጠራው አለሁ የምልልህ ስሙ ደህና ቦታ ተቀምጧል ብዬ ነው። አንተ ዘንድ ነው ብዬ። ሞቶ እንኳ አስዋሸኸው።»

ስወጣ ከኋላዬ «በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ጭንቅላትህን» አለችኝ፣ እንደ ድሮው። ያቺ ቃል ናት ያስለቀሰችኝ። ድልድዩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ሰው እያለፈ።

መጋቢት 17

ከቦርዱ መጡ። ተናኘ እውነቱን ተናገረች። ከእሷ በኋላ አንድ በአንድ ሁሉም አናውቅም አሉ፣ አንዳንዱ ሰነዱ ላይ ስሙን አይቶ «ይሄ የአባይነህ ጽሑፍ ነው» ብሎ ሳይጠየቅ ተናገረ።

ማታ ኤርሚ የፓርቲውን መግለጫ ለጠፈ። የሒሳብ ሹሙ ከአመራሩ ዕውቅና ውጪ በራሱ ፈቃድ ያደረገው ነው ይላል። ሚናስ ስልክ አያነሳም። የመድኃኔ ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም ይላል። ነጩ መኪና ግን አልሄደም፤ ከድልድዩ ተነስቶ ከኔ በር ፊት ለፊት ቆሟል። ሾፌሩ ዛሬ ሰላም አላለኝም።

የሐኪሙ ቤት ደውሎ ቀጠሮው ተሰርዟል አለኝ።

መጋቢት 24

ጋሽ አብዱልሃሚድ ከሁለት ሰዎች ጋር መጡ። ማኅተሙንና መዝገቡን ልንወስድ ነው አሉ። አዘጋጅቼ ነበር፣ ሰጠኋቸው። ድንኳኑን አጣጥፈው የመድኃኔ መጋዘን በር ላይ ጥለውት መጥተዋል። ዘበኛው እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም ብሏቸዋል።

ሻይ ላፍላ አልኩ። አልፈለጉም። ሌሎቹ ከወጡ በኋላ እሳቸው በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ስማችንን ለምን አልጠየቅከንም?»

ያነሳሁትን ማንቆርቆሪያ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ብትጠይቀን እምቢ እንደምንልህ ታውቃለህ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ያን ቀን ለአገር ነው ስላቸው እንደነቀነቁት አይደለም። በሚቀጥለው እድር ይታያል ብለው ሄዱ። ለተናኘ ካርዱ ተመልሶላታል ሲሉኝ ግን ደስ አለኝ። ይህን ያህል ደስ ካለኝ ወር አልፎኛል።

ፖሊስ መጥሪያ ልኳል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው።

ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

ብቻዬን ፈሰክሁ። ጸሎት ደውላ ድምፅህ ምን ሆነ አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት።

ሌላ ዓመት ተናኘ ድፎ ዳቦ ትልክልኝ ነበር። እስከ ማታ በሩን ሳልቀረቅር ቆየሁ።

ሚያዝያ 11፣ ዳግማይ ትንሣኤ

እድሩ በፋሲካ ምክንያት ወደ ዛሬ ተሻግሮ ነበር። ጥሪ አልደረሰኝም፣ ግን ሄድኩ። ለፀሐይ ያ የተጣጣፈው አሮጌ ድንኳን ተወጥሯል። ከኋላ፣ ምሰሶው ጋ ቆምኩ። ሰላም ያለኝም የሰደበኝም የለም። ጉዳዬን ያነሱታል፣ ይሰድቡኛል፣ እቀጣለሁ፣ ቅጣቱን እከፍላለሁ ብዬ ነበር። የምናገረውንም በልቤ ይዤ ነው የሄድኩት። ጋሽ አብዱልሃሚድ ስለ ወንበር ኪራይ ተናገሩ፣ ስለ ሁለት ሕመምተኞች ተናገሩ፣ ወደ ስም ጥሪ እንለፍ አሉ።

አዲሷ ጸሐፊ የሺዓለም ናት። አዲስ መዝገብ ይዛለች። ጽሑፏ ከሩቅ እንኳ እንደማያምር ይታያል፤ ረጋ ብላ፣ ፊደሉን እየፈለገች ነው የምትጠራው።

«አቶ አማኑ።»

«አለሁ» አለች ተናኘ። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ።

ከእሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ።

የሺዓለም ጣቷን ወደ ታች አወረደችና የሌላ ሰው ስም ጠራች። ሰውየውም «አለሁ» አለ።

ሳል ያዘኝ። ዞሮ ያየኝ የለም።